አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ እንቢ የሚል አሮጌ ኦሲሎስኮፕ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ መለኪያ መሣሪያ፣ በተለይ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክን ሞገድ ስክሪን ላይ በመስመር የሚያሳይ)፣ ታቅፈው ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ አስቸጋሪው እሄዳለሁ።

እየመጣ የሚሄድ ብልሽት ምን ዓይነት ብልሽት ነው?

መሣሪያው አልሞተም፤ ደህናም አይደለም። ጠዋት ሲበራ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ወይም አንዱ ቻናል (የሚለካው ነገር የሚገባበት መግቢያ) ሲሠራ ቆይቶ በመሀል ዝም ይላል። ባለሙያ ጋ ሲወሰድ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይሠራል። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርሱ እንደሚጠፋ የጥርስ ሕመም ማለት ነው።

ሙሉ በሙሉ የሞተ መሣሪያ ይሻለኛል። እሱ የሞተበት ቦታ ላይ ይጠብቀኛል። ይሄኛው ግን ይሸሸጋል። ስለዚህ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "መቼ መቼ ነው የሚያመው?" ብዬ ነው። ሲሞቅ ነው? ሲነቀነቅ ነው? ዝናብ ሲዘንብ ነው? መብራት ሲቀንስ ነው? አብዛኛው ብልሽት ከእነዚህ ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ይወድቃል። አንድ ደብተር ግዙና ብልሽቱ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን፣ መሣሪያው ከበራ ስንት ደቂቃ እንደሆነው፣ ያኔ ምን እንደነካችሁ ጻፉ። የብየዳ ካውያ ከማሞቅ በፊት ይሄ ይቅደም።

መሣሪያው ነው የተበላሸው ወይስ ገመዱ?

ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው። ሰው ሃያ ብሎን ፈትቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ፕሮቡ (ጫፉ የሚለካውን ቦታ የሚነካው ገመድ) እንደተበጠሰ የሚያውቀው። የፕሮብ ገመድ መጀመሪያ የሚደክመው ከጫፉ አጠገብ፣ እጅ ደጋግሞ በሚያጥፈው ቦታ ነው። ኦሲሎስኮፖች አብዛኞቹ ፊታቸው ላይ አራት ማዕዘን ሞገድ የሚያወጣ መፈተሻ ነጥብ አላቸው፤ ብዙዎቹ ላይ 1 ኪሎኸርዝ ነው። ፕሮቡን እዚያ ሰክታችሁ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያላችሁ እጠፉት። ሞገዱ ከተቆራረጠ ጥፋተኛው ተገኘ።

ቀጥሎ የመብራቱ ገመድ፣ ከዚያ ዲቫይደሩ። ርካሽ ዲቫይደር ውስጥ ያለው ብረት በጥቂት ወር ይላላል። መሣሪያውን ዲቫይደር ሳታስገቡ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክታችሁ ሁለት ቀን እዩት። አንድ ነገር ደግሞ ከኋላው ተመልከቱ፦ የቮልቴጅ መምረጫው ስንት ላይ ነው? ከአሜሪካ የመጣ መሣሪያ 115 ላይ ተደርጎ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት አንዴ ብቻ ነው የሚበራው።

ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት ምን ልጠንቀቅ?

የኦሲሎስኮፕ ስክሪን ትልቅ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ትንንሾቹ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው፣ ትልልቆቹ ላይ ከ10 ሺህ ቮልት ያልፋል። ከሶኬት ቢነቀልም ስክሪኑና ኮንደንሰሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) የያዙትን ቶሎ አይለቁም። ነቅላችሁ ጠብቁ። ከዚያ ትልልቆቹን ኮንደንሰሮች በሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚገታ ዕቃ) አፍስሷቸው። በስክሩድራይቨር አታገናኙ፤ ብልጭታው ኮንደንሰሩንም እናንተንም ይጎዳል። የስክሪኑን ከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍል ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ እሱን ተዉት። በርቶ ሲለካ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቁ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይኑር።

"ሳጥኑ ሲነካ ይነዝራል" የሚል ብዙ ሰው አለ። ብዙ ቤታችን ውስጥ ሶኬቱ መሬት (ወደ አፈር የሚወርድ የጥንቃቄ ሽቦ) የለውም፣ ወይም ቀዳዳው ኖሮ ገመዱ የትም አልደረሰም። መግቢያው ላይ ያሉት የማጣሪያ ኮንደንሰሮች ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ሳጥኑ ያሳልፋሉ። መሬት ያለው ሶኬት ላይ ሲሰካ ንዝረቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሌላ ነገር አለና አትንኩት። የፕሮቡ መሬት መቆንጠጫ ከሳጥኑ ጋር አንድ መሆኑንም አትርሱ፤ መቆንጠጫውን የመብራት መስመር ላይ ያሳረፈ ሰው ምን እንደሚሆን አንዴ አይቻለሁ፤ የመቆንጠጫው ጥርስ ቀልጦ ነበር።

መታ ሳደርገው ይሠራል። ምን ማለት ነው?

የሆነ ቦታ ግንኙነት ላልቷል ማለት ነው። መልካም ዜና ነው፤ ከአራቱ ዓይነት በጣም ቀላሉ ይሄ ነው። ግን መምታቱን ለምርመራ ብቻ ተጠቀሙበት። በቡጢ ከመታችሁት ሁሉም ቦርድ አብሮ ይነቃነቃልና የት ላይ እንደሆነ አይታወቅም። እኔ የምጠቀመው ቀለሙ ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ ነው። መሣሪያው በርቶ፣ በቀፎው ጫፍ አንድ በአንድ ጫን ለቀቅ። የእንጨት መፋቂያ የሚጠቀምም አይቻለሁ፤ እርጥብ መፋቂያ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ይቅርባችሁ።

ቦታው ሲጠብ አጥፉና በማጉያ መነጽር እዩ። የተሰነጠቀ ሶልደር (ቀልጦ የዕቃውን እግር ቦርዱ ላይ የሚይዘው ብረት) በእግሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል። መብራቱን ከጎን ስታመጡት ይታያል፤ ከላይ ሲበራ አይታይም። ከባድ ዕቃ ያለበትን ቦታ አስቀድሙ፦ ትራንስፎርመር፣ ትልቅ ኮንደንሰር፣ ሙቀት ማስወጫ ላይ የታሰረ ትራንዚስተር፣ እጅ የሚያሽከረክረው የቮልዩም እግር። አሮጌውን ሶልደር እንደገና ማቅለጥ ብቻ አይበቃም። ምጠጡት፣ እግሩን አጽዱ፣ በአዲስ ሙሉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ከ1950ዎቹና ከ60ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የመጡ ትላልቅ የቴክትሮኒክስ (የአሜሪካ ፋብሪካ ነው) መሣሪያዎች ካጋጠሟችሁ ውስጣቸው ነጭ የሴራሚክ መደርደሪያ አለ። እሱ ተራ ሶልደር አይወድም። ብር ያለበት ሶልደር ይፈልጋል፤ ተራው እየደጋገመ ሲቀልጥ ከሴራሚኩ ላይ ያለውን ብር ይበላዋል። ፋብሪካው ይህን አውቆ ትንሽ ጥቅል ብራማ ሶልደር ሳጥኑ ውስጥ አንጠልጥሎ ይሸጥ ነበር። ከከፈታችሁ ፈልጉት፤ እስካሁን ተንጠልጥሎ ሊገኝ ይችላል።

ስዊቹንና ቮልዩሙን በምን ላጽዳ? አረቄ ይሆናል?

አረቄ አይሆንም። ይሄን በሳቅ የሚጠይቁኝ አሉ፤ የምራቸውን የሚጠይቁም አሉ። ዳጉሳ አረቄ ውስጥ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ለእንግዳ ይቀመጥ። የፋርማሲው 70 ፐርሰንት አልኮልም ቢሆን ቀሪው ውሃ ነው። ሌላ ከጠፋ ይሠራል፤ ግን መሣሪያው ክፍት ሆኖ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ከ90 በላይ የሆነ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ቤንዚን ፕላስቲክ ይበላል፣ እሳትም ነው። ደብሊውዲ-40 ለዛገ ብሎን ጥሩ ነው፤ ስዊች ውስጥ ግን ዘይት ትቶ ይሄዳል፣ ዘይቱ ደግሞ የበጋውን አቧራ ይሰበስባል።

ከማንኛውም ፈሳሽ በፊት ግን በነፃ የሚሠራ ነገር አለ። አጥፉትና እያንዳንዱን ስዊችና ቮልዩም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ጊዜ አሽከርክሩ። ከመጣልኝ መሣሪያ ስንቱ በዚህ ብቻ ዳነ። ብር የተቀባ ኮንታክት (ስዊቹ ውስጥ የሚነካካው ብረት) አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር እየተዋሐደ ይጠቁራል፤ ማሽከርከሩ ጥቁሩን ይፍቀዋል።

ቅጠል የመሰለ ኮንታክት ያለው ስዊች ከሆነ ቀጭን ነጭ ወረቀት እንደ ክር ቆርጣችሁ፣ አልኮል አስነክታችሁ በኮንታክቶቹ መሀል ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። ወረቀቱ ጥቁር ይዞ ይወጣል። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት። ብርጭቆ ወረቀት በጭራሽ፤ እነዚያ ኮንታክቶች ላይ ያለው ቅብ በጣም ስስ ነው፣ አንዴ ከተፋቀ አበቃ።

ትራንዚስተሮቹ ሶኬት ላይ የተሰኩ ናቸው። ልንቀላቸው?

አዎ፣ ግን አንድ በአንድ። እንደ ቴክትሮኒክስ 465 ያሉት (በፈረንጅ አቆጣጠር በ1972 የወጣ፣ 100 ሜጋኸርዝ፣ ሁለት ቻናል) ብዙ ትራንዚስተራቸው ሶኬት ላይ ነው። ሃምሳ ዓመት ሳይነቀነቅ የተቀመጠ እግር ኦክሳይድ ይይዛል። አጥፉ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ አንዱን ነቅላችሁ መልሱ፣ ወደ ቀጣዩ ሂዱ። አሥሩን አንድ ላይ ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ የደረደረ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ያስታውሰኛል።

የኔው ማታ ማታ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚያመው። ይሄ ምን ጉድ ነው?

ይሄ ጥያቄ የራሴ ነበር፣ ለሦስት ወር። ሽምብጥ አካባቢ ተከራይቼ በምሠራበት ጊዜ አንድ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ነበረኝ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ከነፋስ በኋላ ጣና ዳር እንደሚታየው ትንሽ ማዕበል ይሆናል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ይረጋል። ሶልደሩን ሁሉ ደግሜ ሠራሁ። ስዊቹን አጠብኩ። ትራንዚስተር ቀያየርኩ። አከራዬ በበሩ ባለፉ ቁጥር "ልጄ፣ ዛሬም ያ ሣጥን አመመው?" ይሉኛል።

አንድ ረቡዕ ተስፋ ቆርጬ የትሪገሩን ምንጭ (መስመሩ ከምን ጋር እኩል እንደሚነሳ የሚመርጠውን) ወደ መብራት መስመር አዞርኩት። ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከመብራቱ እኩል እየተራመደ ነው ማለት ነው። ቴስተሬን (የቮልት መለኪያዬን) ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካሁ፦ 186 ቮልት። በዚያው ቅጽበት ከጓሮ የእንጀራ ሽታ መጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ከ13 አምፔር በላይ ነው። የኔ ክፍል የተጎተተችው ምጣዱ ከተሰካበት መስመር ላይ፣ በቀጭን ገመድ ነበር። ሲያቦኩ እንጂ ሲጋግሩ ለምን አላየሁም ብዬ ራሴን ታዘብኩ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 220 ቮልት የተጻፈበት መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ፐርሰንት ከፍና ዝቅ ይችላል፤ ታችኛው ድንበር 198 ነው። ከዚያ በታች የውስጡ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን እኩል አድርጎ የሚይዘው ክፍል) የሚተነፍስበት ቦታ ያጣል፣ የመብራቱም ንዝረት አልፎ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። የኔው መሣሪያ ላይ ሁለተኛ ነገርም ነበር፦ ዋናው የማጣሪያ ኮንደንሰር ደርቆ ስለነበር ከሌላው ቀድሞ ነበር የሚሸነፈው። እሱን ስቀይር በ190 እንኳ መስመሩ ቀጥ አለ። ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሠፈሩ ሁሉ ሲያበስል የሚያማቸው መሣሪያዎችም ከዚህ ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ከሰዓቱ ጎን የሶኬቱን ቮልት ጻፉ።

ስታቢላይዘር ልግዛለት?

ሊረዳ ይችላል። ግን ብዙው ርካሽ ስታቢላይዘር በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚንቀሳቀስ ስዊች) "ቀጭ ቀጭ" እያለ ነው ቮልቴጁን የሚቀያይረው። ቀጭ ባለ ቁጥር መስመሩ ይዘላል፤ እናንተ ደግሞ አዲስ ብልሽት መጣ ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። ምርመራ ላይ እያላችሁ ስታቢላይዘሩን አውጡት። ከጥገና በኋላ መልሱት።

በርቶ ሃያ ደቂቃ ሲሆነው ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

ሙቀት ነው። ብረትና ቦርድ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ የተሰነጠቀ ሶልደር ይከፈታል። ትራንዚስተር ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦም እንደዚያው። እዚህ ላይ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። ማሞቂያው የፀጉር ማድረቂያ ነው፤ እኅት ወይም ሚስት ያለው ሰው አያጣም። ከወፍራም ወረቀት ጠባብ አፍ ያለው ጥቅልል ሠርታችሁ ሙቀቱን ወደ አንድ ማዕዘን ብቻ ላኩ። ቦርዱን በሐሳብ አራት ላይ ክፈሉት፣ ብልሽቱ የመጣበትን ሩብ ደግሞ አራት ላይ ክፈሉት።

ለማቀዝቀዝ የሚረጨው ቆርቆሮ ከጠፋ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ አልኮል ነክሮ የተጠረጠረው ዕቃ አናት ላይ ማሳረፍ ይቻላል። አልኮሉ ሲተን ያበርደዋል። በዝቅተኛ ቮልቴጅ ክፍል ብቻ፣ ከእሳትም ከብልጭታም ርቃችሁ። በረዶ አታምጡ፤ የሚቀልጠው ውሃ ነው። ጥጡ ባረፈ በጥቂት ሰኮንድ መስመሩ ተመልሶ ብቅ ካለ ያንን ዕቃ ያዙት።

አንድ ምክር፦ ክዳኑ ሲከፈት መሣሪያው ይቀዘቅዛልና ብልሽቱ እንቢ ሊላችሁ ይችላል። ካርቶን አልብሱት፤ ዓይናችሁ አይለየው እንጂ።

ክረምት ሲገባ ይጀምረዋል፣ በመስከረም ይተወዋል። ሐይቁ ነው?

ሐይቁና ዝናቡ ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሕር ዳር ውስጥ ግድግዳም ይረጥባል፣ ዱቄትም ይያያዛል። ቦርድ ላይ ያለ አቧራ በደረቁ ጊዜ ምንም አይደለም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ኤሌክትሪክ የሚያሾልክ ጭቃ ይሆናል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት ቦታ ላይ "ጽጽጽ" የሚል ድምፅ፣ ጨለማ ውስጥ ሐምራዊ ጭላንጭል፣ እንደ መብረቅ ማግስት ያለ ሽታ ካለ እሱ ነው። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ብልጭታም የበለጠ ርቀት ይዘላል። ጠረፍ ላይ ደህና የሚሠራ መሣሪያ እዚህ ሊያፏጭ ይችላል።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማውጣት፣ በአልኮል ማጠብ፣ ማድረቅ። ሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች ውስጥ ማታ መብራት የሚከተሉ ትንኞች በማናፈሻ ቀዳዳው ገብተው ስክሪኑ ሥር ይከመራሉ። በረሮም ሞቅ ያለ ትራንስፎርመር ይወዳል። አንዴ ከአንድ ሲግናል ጀነሬተር (ለመፈተሻ ሞገድ የሚያወጣ መሣሪያ) ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ትንኝ አውጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ አላመመውም።

መግቢያው ላይ ቢጫማ፣ ግልጽ ፕላስቲክ የለበሰ ኮንደንሰር ካያችሁ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ሪፋ የሚባሉት ናቸው። ፕላስቲኩ ሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካወጣ ውስጡ ያለው ወረቀት እርጥበት እየጠጣ ነው። አንድ ቀን ክፍሉን በጢስ ይሞላዋል። ሳይጠይቃችሁ ቀይሩት። በመግቢያው ሁለት የመብራት ሽቦዎች መሀል የሚገባው ኤክስ2፣ ከመብራት ሽቦ ወደ ሳጥኑ የሚሄደው ደግሞ ዋይ2 የሚል የተጻፈበት ነው እንጂ ማንኛውም ኮንደንሰር አይደለም።

ሁሉንም ኮንደንሰር በአንዴ ብቀይርስ?

ብዙ ሰው ይሄን ነው የሚወደው። እኔ አልወደውም። አርባ ኮንደንሰር ስትቀይሩ ሰማንያ እግር ትነካላችሁ፤ ከሰማንያው አንዱን በተቃራኒ መስካት ወይም መስመር መንቀል አይቀርም። አንድ ብልሽት የነበረው መሣሪያ ሁለት ይዞ ይነሳል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው የት እንደነበር አታውቁም።

የምጠረጥራቸው ግን አሉ። ሙቀት ያለበት ቦታ ያሉ ኤሌክትሮላይቲኮች (ውስጣቸው ፈሳሽ ያለ ኮንደንሰሮች)፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል፣ የእጅ ልምዴም ይህንኑ ይላል። የተነፋ፣ ያለቀሰ፣ የዓሣ ሽታ ያለው ይውጣ። ሌላው የእንባ ጠብታ የምትመስለው ታንታለም ኮንደንሰር ናት። እሷ ሳታስጠነቅቅ ሾርት ትሆናለች (ውስጧ ተነካክቶ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ታሳልፋለች)፣ አንዳንዴም ጥቂት ደቂቃ ሾርት ሆና ትመለሳለች፤ በፈረንጅ የ70ዎቹ ኦሲሎስኮፖች ውስጥ ሞልታለች። ስትቀይሩ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን፣ ኤሌክትሮላይቲክ ከሆነ 105 ዲግሪ የሚል ምረጡ። ከወዳደቀ ቴሌቪዥን የነቀላችሁትን አሮጌ በአሮጌ አትተኩ።

መሣሪያው ሩሲያኛ ነው፣ ዲያግራምም (የውስጥ ሽቦውና የዕቃዎቹ ሥዕል) የለኝም።

በእኛ ከተማ ይሄ አይገርምም። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው በሶቪየት ኅብረት ትብብር ነው። ደጋግሞ የሚጠየቀው ኤስ1-94 የሚባለው ትንሹ ነው፦ አንድ ቻናል፣ 10 ሜጋኸርዝ። ሰው "ሲ1-94" ይለዋል፤ ፊደሉ ሲ ይመስላል እንጂ በሩሲያኛ ኤስ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ዲያግራም ስትፈልጉ ይሄ ልዩነት ያመጣል። ማብሪያው ላይ የተጻፈው ሲነበብ "ሴት" ሊባል ትንሽ ይቀረዋል፤ መረብ ማለት ነው፣ የመብራት መስመሩን ነው። "ያርኮስት" ብርሃን ነው፣ "ፎኩስ" ያው ፎከስ።

የሶቪየት መሣሪያዎች ዲያግራም ከራሱ ከመመሪያው ጋር ይመጣ ስለነበር ኢንተርኔት ላይ በብዛት አለ። እስክታገኙት ድረስ ግን ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ሁለት ቻናል ያለው መሣሪያ ከሆነ ደህናው ቻናል የታመመው ዲያግራም ነው። በአንዱ ላይ የለካችሁትን በሌላው ላይ ለኩና አወዳድሩ። ልዩነቱ የጀመረበት ቦታ ላይ ቁሙ። ለአንድ ቻናሉ ደግሞ ከፓወር ሰፕላይ (ለሌላው ሁሉ ቮልቴጅ ከሚያድለው ክፍል) ጀምሩ፤ ደህና በሆነ ሰዓት ሁሉንም ቮልቴጅ ለክታችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉ። በታመመ ሰዓት እንደገና ለኩ። የተለወጠው ቁጥር መንገዱን ያሳያችኋል።

ትራንዚስተሩን ነቅዬ ስፈትሸው ደህና ነው፣ ስመልሰው ያስቸግራል። እንዴት ይሆናል?

ቴስተር በጥቂት ቮልት፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የሚፈትነው። ሥራ ላይ ሲሆን ሙቀትም ቮልቴጅም አለ። ስለዚህ "ቴስተር ደህና አለው" የሚለው ለእንደዚህ ዓይነት ብልሽት ማስረጃ አይሆንም። ከተጠራጠራችሁ ከመሰሉ ጋር አቀያይሩት። ብልሽቱ ከትራንዚስተሩ ጋር ከተሰደደ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ቦታው ላይ ከቀረ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

በፈረንጅ ከ60ዎቹ የመጡ ጀርማኒየም ትራንዚስተሮች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ኤኤፍ114 እስከ ኤኤፍ117 የሚባሉት ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ከፀጉር የቀጠነ የቆርቆሮ ክር ይበቅላል። አዎ፣ በራሱ ይበቅላል። ክሩ ውስጠኛውን ክፍል ሲነካ ሾርት ይሆናል፤ ሲነቀነቅ ይለቃል። በጣት ጠቅ ሲያደርጉት የሚድነው ለዚህ ነው። አራት እግር አላቸው፤ አራተኛው ከሳጥኑ ጋር የተያያዘ የመሬት እግር ነው። ተለዋጭ እስኪገኝ እሱን መቁረጥ ብዙ ጊዜ ያስነሳቸዋል።

ምንም ሳላገኝ በራሱ ተስተካከለ። ዳነ ልበል?

አትበሉ። የዳነ የምለው ብልሽቱን በፈለግሁ ሰዓት ማምጣት ችዬ፣ አንድ ነገር ቀይሬ፣ በዚያው መንገድ ላመጣው ስሞክር እንቢ ሲለኝ ነው። በፀጉር ማድረቂያ ከመጣ፣ ከጥገናው በኋላም በፀጉር ማድረቂያ ይፈተን። በ190 ቮልት ከመጣ በ190 ቮልት ይፈተን።

አንድ ሰው ከጎርጎራ በኩል ፍሪኩዌንሲ ካውንተር (የሞገድን ድግግሞሽ በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) ይዞ መጣ። ቤቱ አይሠራም፣ እኔ ጋ ይሠራል። ሦስት ቀን አብርቼ ተውኩት፤ ደህና። ወሰደው፤ በማግስቱ ደወለ። እንደገና መጣ፤ አሁንም ደህና። መንገዱ እያንቀጠቀጠ ያድነዋል ብዬ በቀፎዬ ሁሉንም ነካካሁ። ምንም። በሦስተኛው ቀን "እቤት የት ነው የምታስቀምጠው?" አልኩት። "ጠረጴዛው ጠባብ ስለሆነ መደርደሪያ ላይ፣ በጀርባው አቁሜ" አለኝ። አነሳሁና በጀርባው አቆምኩት። ቁጥሮቹ ጠፉ። አስተኛሁት፤ በሩ። ከፍቼ ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጬ ሳራግፈው የምስር ክክ የምታክል የሶልደር ጠብታ ዱብ አለች። ስንት ዓመት ውስጡ ስትንከባለል እንደኖረች እግዜር ይወቅ። ሰውየው ጠብታዋን ክብሪት ቤት ውስጥ ከትቶ፣ ካውንተሩን ታቅፎ ሄደ።